ንብ የሰፈረበት የስልክ እንጨት

ባለፈው የማርያም ዕለት ኢንተርኔቴ ጠፋ። የምኖረው ሰሜን ኖርዌይ፣ ባሕሩ አፋፍ ላይ ባለች ትንሽ ከተማ ውስጥ ነው። በዚህ ወራት ፀሐይ ለምሳ ሰዓት ያህል ብቅ ትልና ትመለሳለች፤ ነፋሱ ከተነሣ ደግሞ ወይ መብራቱን ወይ ኢንተርኔቱን ይዞ መሄዱ የተለመደ ነው። ቤተ ክርስቲያን በአቅራቢያዬ የለም። ስለዚህ በየወሩ በሃያ አንድ፣ በየአገሩ የተበተንን አሥራ ሁለት ሴቶች በየቤታችን ላፕቶፕ ከፍተን አብረን ጸሎት እናደርሳለን። ያን ዕለትም ነጠላዬን ተከናንቤ፣ ሻማዬን አብርቼ፣ ዳቦዬን በሳህን አድርጌ ብቀመጥ ላፕቶፑ ግንኙነት የለም አለኝ።

ልጄ የምትኖረው ሌላ ከተማ ነው። ከዚህ ቀደም እንዲህ ሲገጥመኝ «እማ፣ በአሮጌው ስልክሽ በኩል አገናኚው» ብላ አስተምራኝ ነበር። አሮጌው ስልኬ መስታወቱ ተሰንጥቋል፣ ባትሪውም ቶሎ ይደክማል፤ ግን ሲም ካርድ አለው። ከመሳቢያ አወጣሁትና ሥራ ጀመርኩ። መጀመሪያ ስልኩ ራሱ ኢንተርኔት አለው ወይ? አለው። ለሌላ ዕቃ እንዲያካፍል የሚያደርገው ቁልፍስ በርቷል? አልበራም ነበር፤ አበራሁት። ላፕቶፑ ስልኩን ያየዋል? ያየዋል፤ ግን አልገባም አለ። የይለፍ ቃሉን ፊደል በፊደል ደገምኩ። እምቢ። ሁለቱንም አጥፍቼ አበራሁ። እምቢ። በመጨረሻ በቻርጀሩ ገመድ ላያይዛቸው ተነሣሁ። ገመዱን ስሰካ «ከቅርብሽ ጀምሪ፤ አንድ አንዱን እየፈተንሽ ሂጂ፤ ሩቁን ለመጠርጠር አትቸኩይ» እያልኩ ለብቻዬ ሳወራ ራሴን ያዝኩት። ንግግሩ የእኔ አይደለም፤ የጋሽ ወርቁ ነው። ጋሽ ወርቁን ሳስብ ደግሞ ሁልጊዜ የምትመጣብኝ አንዲት ዕለት አለች።

በደርግ ጊዜ፣ ገና የሃያ ዓመት ልጅ ሳለሁ፣ ናዝሬት ውስጥ የስልክ ኦፕሬተር ነበርኩ። አዳማን ያኔ ሁላችንም ናዝሬት ነበር የምንላት። ስልክ እንዳሁኑ በየኪሱ አልነበረም። በተለይ እንደ መቂና ቡልቡላ ባሉ ከተሞች ስልክ የሚነጋገር ሰው ቀጠሮ ይያዝለታል። ደዋዩ አስቀድሞ «ነገ በዚህ ሰዓት ቡልቡላ እገሊትን እፈልጋለሁ» ብሎ ያስመዘግባል። እኛ ለቡልቡላ እንናገራለን፤ የቡልቡላው ሠራተኛ ስሟን በጥሪ ወረቀት ላይ ጽፎ ቤቷ ድረስ ይልክላታል። እሷም ወረቀቷን በመቀነቷ ቋጥራ፣ ከሰዓቱ በፊት መጥታ፣ ከስልክ ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ ትጠብቃለች። ያቺ ወረቀት ተራ ነገር አልነበረችም። ወረቀት የመጣበት ቤት ጎረቤቱ ሁሉ ይሰበሰባል፤ ማን ይሆን፣ ምን ይሆን እየተባለ ያመሻል።

ጥቅምት ነበር፤ የማርያም ዋዜማ። ወደ አሥራ አንድ ሰዓት ገደማ አዲስ አበባ ጠራችኝ። እኛ ኦፕሬተሮች እርስ በርስ የምንጠራራው በከተማችን ስም ነው።

«ናዝሬት፣ ቀጠሮ ያዢ። ነገ አሥር ሰዓት፣ ቡልቡላ። ጠሪ ገመዳ፤ ከሰሜን፣ ከጦር ሆስፒታል። ተጠሪ እናቱ።»

«ያዝኩ፣ አዲስ።»

ጻፍኩ። ደንቡ እዚያው ወዲያው ለቡልቡላ መናገር ነው። ያን ዕለት ግን ከሥራ በኋላ የውይይት ክበብ ነበረብን፤ የቀረ ሰው ስሙ ይያዛል። እኔ ደግሞ ዋዜማው እንዳያልፈኝ ቸኩያለሁ። ነጠላዬን ቦርሳዬ ውስጥ ከሹራብ ሥር ሸሽጌ፣ የውይይቱ መሪ ሳያየኝ በጓሮ በር ለመውጣት ስጣደፍ፣ ወረቀቱን ከካርቦኑ ሥር ጥዬው ወጣሁ።

ቤተ ክርስቲያን ደርሼ፣ ቆሜ ሳለሁ፣ ትዝ አለኝ። ይህን መደበቅ አልፈልግም፤ ትዝ ብሎኛል። ስልክ ቤቱ ከዚያ በእግር የሩብ ሰዓት መንገድ ነው። «ጠዋት እናገራለሁ፤ ቀጠሮው ለነገ ከሰዓት በኋላ አይደል?» አልኩና ወደ ጸሎቴ ተመለስኩ። ጸሎቱ ደስ የሚል ጸሎት ነበር።

በማግስቱ ጠዋት ቡልቡላን ብጠራ መልስ የለም። ደግሜ ጠራሁ። ድምፁ እንደ ደረቅ ጉድጓድ ነበር፤ የራሴ ትንፋሽ ብቻ ይመለስልኛል። መስመሩ ሌሊቱን ተበላሽቷል። ሁለት ሰዓት ላይ አዲስ መልሳ ደወለች።

«ናዝሬት፣ የቡልቡላዋ ሴትዮ ወረቀቷ ደርሷታል አይደል? እባክሽን። ከአገሩ የመጣ ወታደር "ሞተሃል ተብሎ እናትህ ልቅሶ ተቀምጣለች" ብሎት ልጁ እህል አልቀምስም ብሏል አሉ። ሆስፒታሉ ለአንድ በሽተኛ አንድ ጊዜ ነው ስልክ የሚፈቅደው። ነገ ደግሞ ወደ ሌላ ቦታ ያዛውሩታል።»

ወረቀቱን ከካርቦኑ ሥር ስቤ አወጣሁት።

«ናዝሬት፣ ደርሷታል ወይ?»

«መስመሩ ተበላሽቷል» አልኳት።

ውሸት አልነበረም። መስመሩ ተበላሽቷል።

ከኦፕሬተሮቹ ክፍል ወጥቼ ወደ ግቢው ሮጥኩ። ጋሽ ወርቁ የመስመር ጥገና ሠራተኛ ናቸው፤ ረጅም፣ ጆሮአቸው ትልልቅ፣ ሲናገሩ የማይቸኩሉ ሰው። እንጨት መውጫ ብረታቸውንና ገመዳቸውን ላንድሮቨሩ ላይ ሲጭኑ ደረስኩባቸው።

«ጋሽ ወርቁ፣ ከእርስዎ ጋር ልሂድ።»

«የት?»

«ቡልቡላ። የጥሪ ወረቀት በእጄ ላድርስ።»

«ኦፕሬተር ከመቼ ጀምሮ ነው ሜዳ የሚወጣው? እንጨት ልትወጪልኝ ነው?»

«ፈተናውን እኔ እነጋገርልዎታለሁ። እርስዎ ላይ ሆነው ያያይዛሉ፣ እኔ ከታች ከአስቴር ጋር እነጋገራለሁ።»

አስቴር የፈረቃ ጓደኛዬ ናት። ጋሽ ወርቁ ፊቴን አይተው ሌላ አልጠየቁኝም። ተቆጣጣሪያችን ግን የመውጫ ፈቃዱን ሲፈርም ብዕሩን ከወረቀቱ ሳያነሣ «ጓድ ጽጌ፣ ትናንት ውይይት ላይ አላየሁሽም» አለኝ። «አሞኝ ነበር» አልኩ። ውሸት ሲጀመር እንዲህ ተራ በተራ ነው የሚመጣው።

ከመኪናው ኋላ፣ ባለ ቆዳ ቦርሳ የሜዳ ስልክ ተጭኗል። ጣሊያን ጥሎት የሄደ ነው ይባል ነበር። ቆዳው ተሰነጣጥቆ በሻሽ ተጠግኗል፤ ከጎኑ በእጅ የሚዞር መዘውር አለው፤ ሁለት ረጃጅም ሽቦዎች ጫፋቸው ላይ መቆንጠጫ ይዘው ይወጡለታል። ናዝሬት ያለው አዲሱ ማሽን መብራት በመብራት ነበር፤ ግን መስመር ሲሞት አዲሱ ማሽን መሞቱን ብቻ ነው የሚነግረን፤ የት እንደሞተ የሚያውቀው ያ አሮጌ ስልክ ነው። ጋሽ ወርቁ በየቦታው እንጨት ላይ ይወጡና መቆንጠጫዎቹን ሽቦው ላይ ያስነክሳሉ፤ ከታች መዘውሩን አዞራለሁ፤ ናዝሬት ከመለሰች እስከዚያ ድረስ ደኅና ነው ማለት ነው፤ ወደፊት እንሄዳለን።

«ለምን በቀጥታ ቡልቡላ አንሄድም?» አልኳቸው ሞጆን አልፈን ስንቆም። ሰዓቴን ደጋግሜ አያለሁ።

«ቡልቡላ ሄደን ደኅና ቢሆንስ? ከቅርብሽ ጀምሪ። አንድ አንዱን እየፈተንሽ ሂጂ። ሩቁን ለመጠርጠር አትቸኩይ» አሉኝና ጆሮአቸውን እንጨቱ ላይ አሳረፉ። ሁልጊዜ እንዲህ ያደርጋሉ። ነፋስ ሽቦውን ሲመታው እንጨቱ ውስጥ ለውስጥ ይዘምራል፤ እሳቸው ዜማውን ሰምተው ሽቦው ላልቷል፣ ከርሯል ይላሉ።

መዘውሩን አዞርኩ።

«ናዝሬት!»

«አቤት የሜዳዋ!» አለች አስቴር። «ፀሐይ መታሽ? ነጠላሽን ይዘሻል?»

ዘጋሁባት።

ቆቃ ላይ ዓሣ ሻጮች ዓሣውን በሣር አንጠልጥለው ወደ መኪናው ተሻሙ። ሐይቁ ከወዲያ ያንጸባርቃል። ክረምቱ ገና ማለፉ ስለነበር መንገዱ ግራና ቀኝ አረንጓዴ ነው፤ ጤፉ ቀለም መለወጥ ጀምሯል። መቂ ስንደርስ ሽንኩርት በጆንያ፣ ቲማቲም በሣጥን ተደርድሮ የመንገዱን ዳር ሞልቶታል። መስመሩ መቂ ላይ ደኅና። ዝዋይ ላይም ደኅና። ዝዋይ ጋሽ ወርቁ ከአንዲት የጉልት ሻጭ ፊት ተቀምጠው የተጠበሰ ቆሮሶ ዓሣ አዘዙ።

«ጋሽ ወርቁ፣ ረቡዕ እኮ ነው።»

«ዓሣ ሥጋ ነው እንዴ? ደም አለው? ሲታረድ ይጮኻል?»

«ነፍስ አለው።»

«ጎመንም ነፍስ አለው፤ ሲተክሉት ያድጋል» አሉና አጥንቱን እየለቀሙ በሉ። እኔ ዓሣውንም፣ ሴትዮዋ የምትሸጠውን ፓፓያም አልቀመስኩም። ጾሙ ብቻ አልነበረም ምክንያቱ። ሰባት ሰዓት ሆኗል።

ከዝዋይ አዳሚ ቱሉ፣ ከአዳሚ ቱሉ ወዲያ ሌላ ሁለት እንጨት። ሁለቱም ላይ መስመሩ ይንተፋተፋል፤ የአስቴር ድምፅ ከውኃ ሥር የሚመጣ ይመስላል። «ቀርበናል» አሉ ጋሽ ወርቁ። ቡልቡላ አምስት ኪሎ ሜትር ያህል ሲቀራት መኪናውን ድንገት አቆሙና በመስኮት አንጋጠው ቀሩ።

ከእንጨቱ አናት ላይ ቀፎ ተሰቅሏል። ረጅም፣ ክብ፣ በሣር የተሸፈነ ቀፎ፤ በሁለቱ ሽቦዎች መካከል እንደ ሕፃን ተጋድሟል። ዙሪያውን ንብ ያጅበዋል። ከሥሩ ሽበታም ሽማግሌ በትራቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋድመው፣ ልጃቸው የተዳረላቸው ሰው መስለው ተቀምጠዋል።

«አካም ጅርቱ፣ ኦቦ» አሉ ጋሽ ወርቁ። ኦሮምኛቸው ሰላምታ ላይ ያልቃል።

«ፈያ። ደኅና ናችሁ?» አሉ ሽማግሌው። ስማቸው ኦቦ ቱፋ ይባላል።

«ይሄን ማን ሰቀለው?»

«እኔ። ትናንት፣ ፀሐይዋ ጠልቃ።» በኩራት ነው የተናገሩት። «ዛሬ ጠዋት ገቡ። አየህ? አንድ ሌሊት አላደረም።»

«የመንግሥት እንጨት ላይ?»

«ግራሩን ለከሰል ጨረሱት። የት ልስቀል? ደግሞ ይሄ እንጨት ይዘምራል። ጆሮህን አድርግና ስማ። ንብ የሚዘምር እንጨት ትወዳለች፤ ውስጡ ዘመድ ያላት ይመስላታል።»

ጋሽ ወርቁ ዕድሜያቸውን ሙሉ ጆሮአቸውን እንጨት ላይ ያሳረፉ ሰው ናቸው።

«በምንድነው ያሰሩት?» አሉ ብቻ።

«ልጥ አይበረክትም ብዬ በሽቦ።»

የማሰሪያው ሽቦ ሁለቱን የስልክ ሽቦዎች አንድ ላይ አንቆ ይዟቸዋል። መስመሩ የሞተው በዚያ ነው። ጋሽ ወርቁ ኮታቸውን ራሳቸው ላይ ጠምጥመው ለመውጣት ሞከሩ፤ እኩሌታው ላይ ሳይደርሱ አንገታቸውን እየመቱ ወረዱ። ትልልቆቹ ጆሮዎቻቸው ወዲያው ቀሉ።

«በቀን አትነካም» አሉ ኦቦ ቱፋ በርኅራኄ። «ሲጨልም፣ በጭስ። ያኔ እኔ ራሴ አወርደዋለሁ።»

«ሲጨልም?» አልኩ። «ስልኩ እኮ በአሥር ሰዓት ነው!»

«የማን ስልክ?»

«የገመዳ እናት። ልጃቸው ይደውላል።»

ኦቦ ቱፋ ተነሥተው ቆሙ። «የገመዳ እናት? እሷ እኮ ልቅሶ ላይ ናት። ሰባተኛ ቀናችን ነው። ገመዳ ሞቷል።»

«አልሞተም። ሆስፒታል ነው። ዛሬ ካልተገናኙ ሌላ ጊዜ አይፈቀድለትም።»

ወደ ቀፎው ቀና አሉ። ከዚያ ወደ ሽቦው። ከዚያ ወደ እኔ።

«እኔ ነኝ የዘጋሁባት?»

የዚያን ጊዜ መናገር ነበረብኝ። ኦቦ፣ ቀፎውን ሳይሰቅሉ በፊት እኔ ዘግቼባቸው ነበር ማለት ነበረብኝ። ሰዓቴን አየሁ።

ሽማግሌው ጋቢያቸውን ጥለው፣ በባዶ እጃቸው እንጨቱን ሊወጡ አቀፉት። ጋሽ ወርቁ ወገባቸውን ይዘው አስቀሯቸው። «ይሞታሉ እንዴ? ይቆዩ፤ ሌላ መንገድ አለ» አሉ። ያን ጊዜ ስምንት ሰዓት ተኩል አልፏል።

ሌላው መንገድ ይህ ነበር። ጋሽ ወርቁ ከቀፎው ወደ ናዝሬት በኩል ያለውን ቀዳሚውን እንጨት ወጡና ሽቦዎቹን እዚያ ላይ ፈቱ። ቀፎውና ቡልቡላ ከወዲያ ቀሩ፤ ከወዲህ ያለው መስመር ነጻ ወጣ። የአሮጌውን ስልክ መቆንጠጫዎች ከተፈታው ጫፍ ጋር አያያዙ። መዘውሩን ሳዞር አስቴር ከጎኔ የተቀመጠች ያህል ጥርት ብላ መጣች።

«አስቱ፣ የአሥሩን ጥሪ ለቡልቡላ አትስጪ። ለዚህ ስልክ ስጪ።»

«ይህ ስልክ የት ነው ልበል?»

«እንጨት ሥር በይ።»

«እንጨት ሥር የሚባል ጣቢያ መዝገብ ላይ የለኝም» አለች፤ ቀጥሎ ግን ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አምጫቸው ብቻ፣ እኔ መስመሩን ይዤ እጠብቃለሁ» አለችኝ።

ስልኩን ወደ እናትየዋ ማድረስ ስላልቻልን እናትየዋን ወደ ስልኩ ልናመጣ ነው። መኪና የሚነዱት ጋሽ ወርቁ ናቸው፤ ወረቀቱን ማስረከብ ያለብኝ እኔ ነኝ። ስለዚህ ስልኩን ለኦቦ ቱፋ አደራ ሰጠናቸው። በሕይወታቸው ስልክ ነክተው አያውቁም። «ከጮኸ ይሄን አንሥተው ጆሮዎ ላይ ያድርጉ፤ ይሄኛው ጫፍ አፍዎ ላይ። እየመጣች ነው ይበሉ። እንዳይዘጉት» አልኳቸው። ሁለት እጃቸውን በጋቢያቸው ጠራርገው ተቀበሉኝ።

የልቅሶው ቤት ከቡልቡላ ገበያ ጀርባ ነበር። ዳሱ በሸራና በቅጠል ተሠርቷል፤ ሰው እስከ ደጅ ሞልቷል። ካኪ የለበሱት ጋሽ ወርቁ ከመኪናው ሲወርዱ መንግሥት መጣ ብሎ ሁሉም ዝም አለ፤ አንዲት ድምፅ ብቻ አላቋረጠችም። የገመዳ እናት መሬት ላይ ተቀምጠው፣ ወገባቸውን በገመድ ታጥቀው፣ በኦሮምኛ ሙሾ ያወርዳሉ። ናዝሬት ተወልጄ ያደግሁ ስለሆነ እሰማለሁ። የገብስ ጩኮህን በቅቤ ለውሼ፣ ወተትህን በጮጮ ሞልቼ፣ አጥግቤ የሸኘሁህ ልጄ፣ ይላሉ።

ተንበርክኬ ወረቀቷን በሁለት እጄ ሰጠኋቸው። ማንበብ አይችሉም፤ አጠገባቸው የነበሩ ሰው ወስደው አነበቡ፤ ደግመውም አነበቡ።

«ገመዳ ይደውላል ይላል።»

ዳሱ ተንጫጫ። «የምን ቀልድ ነው?» አለ አንዱ። «ቁስል ላይ ጨው!» አለች ሌላዋ። እናትየዋ ግን እጃቸውን አንሥተው ሁሉንም ጸጥ አሰኙ።

«በቀደም ዕለት በሌሊት መጣችሁ፤ ሞተ አላችሁኝ፤ አመንኩ። ዛሬ ይቺ ልጅ አለ ትለኛለች። እሄዳለሁ። ካጣሁትም ተመልሼ አለቅሳለሁ፤ እንባ አላለቀብኝም።»

በመኪናው ውስጥ መካከል ላይ ተቀመጡ። ገመዱን ከወገባቸው አልፈቱም። እንጨቶቹ በመስኮቱ አንድ በአንድ ያልፋሉ። አሥር ሰዓት ሆነ። አሥር ሰዓት አለፈ። ጋሽ ወርቁ ነዳጁን ረግጠው ጉድጓድ ሳይመርጡ ይነዳሉ፤ እኔ ሰላም ለኪ እያልኩ እደግማለሁ፤ የቱ ጋ እንደደረስኩ አላውቅም።

ከሩቅ ኦቦ ቱፋን አየናቸው። ቆመዋል። የስልኩን እጀታ በሁለት እጅ አንቀው፣ ከሐይቁ ማዶ ያለ ሰው የሚጣሩ ይመስል ይጮኻሉ።

«ኧረ አትዝጊ፣ ልጄ! ንብ ነው አልኩሽ፣ ንብ! ማር አታውቂም? አንድ ጣሳ ሙሉ እልክልሻለሁ፣ ብቻ አትዝጊ! ይኸው አቧራቸው መጣ! አቧራ አያለሁ!»

ጥሪው ከሰዓቱ አምስት ደቂቃ ቀድሞ መጥቶ ኖሯል። አዲስ አበባ፣ ተጠሪ ካልቀረበ እሰርዛለሁ ስትል፣ ኦቦ ቱፋ ያን ሁሉ ጊዜ አስቴርን ስለ ንብ ሲያወጓት፣ አስቴርም አዲስን ስትለማመጥ ቆይተዋል። በኋላ እንደነገረችኝ፣ ንግሥቲቱ እንዴት እንደምትመረጥ ድረስ ሰምታለች።

እጀታውን ከእጃቸው ተቀብዬ እናትየዋ ጆሮ ላይ አደረግሁት። እንዴት እንደሚያዝ ስለማያውቁ ደግፌ ያዝኩላቸው። ደንባችን የሰው ወሬ አትስሙ ይል ነበር፤ ያ አሮጌ ስልክ ግን ምሥጢር አይቋጥርም፤ ድምፁ ወደ ውጭ ይፈሳል።

«አዮ?» አለ ከሩቅ። እናቴ ማለት ነው። «አዮ፣ እኔ ነኝ።»

እናትየዋ ፊታቸውን ቋጠሩ። እጀታውን ከጆሮአቸው አርቀው አዩት።

«ይሄ የገመዳ ድምፅ አይደለም።»

እውነትም ድምፁ የጎረምሳ አይመስልም። ይጎተታል፤ አንዳንዱ ቃል ከጉንጩ ሳይወጣ ይቀራል። በኋላ ነው መንጋጋውን መመታቱን ያወቅነው። «አዮ፣ ቆስዬ ነው» ይላል፤ እሳቸው ግን አንገታቸውን ይነቀንቃሉ። ጋሽ ወርቁ ወደኔ አዩ። እኔ ወደ መሬት።

ከዚያ እናትየዋ እጀታውን መልሰው አስጠጉና ቀስ ብለው፣ ለባዳ እንደሚናገሩ ሁሉ፣ ጠየቁ።

«አንተ ገመዳ ነኝ የምትል፤ የሄድክ ዕለት ጠዋት ምን አበላሁህ?»

የተፈታው ሽቦ በነፋሱ ሲያፏጭ ይሰማል።

«ምንም» አለ ያ የሚጎተት ድምፅ። «ተቆጥተሽኝ ነበር፣ አዮ። ለምን ሳትደበቅ ተመዘገብክ ብለሽ። ጀርባሽን ሰጠሽኝ። ሳልበላ ነው የሄድኩት።»

ከነ እጀታው አብረን መሬት ወረድን። ሰባት ቀን ሙሉ በሰው ሁሉ ፊት ጩኮ አብልቼ የሸኘሁህ እያሉ ያለቀሱ ሴት፣ አሁን እጀታውን በሁለት እጃቸው አቅፈው ያዙ። የዚያን ጠዋት ነገር ከሁለቱ በቀር የሚያውቅ አልነበረም። ኦቦ ቱፋ ፊታቸውን ወደ ቀፎው አዙረው ጋቢያቸውን ዓይናቸው ላይ አደረጉ።

«አሁንስ በልተሃል?» አሉ እናትየዋ በመጨረሻ።

«እበላለሁ፣ አዮ። አሁን እበላለሁ።»

«የሰጡህን ብላ። ጨው ባይኖረውም ብላ። ያ ረቢ፣ ብላልኝ።»

ሦስት ደቂቃ ሲሞላ ኦፕሬተር ጣልቃ ገብታ ሰዓት አልቋል ትላለች፤ ደንብ ነው። ሦስት ደቂቃ ሞላ፤ አራትም ሞላ፤ አምስትም ሞላ። አስቴር አልተናገረችም። አዲስም አልተናገረችም። መስመሩ በራሱ ጊዜ ሄደ።

ስንመልሳቸው በመኪናው ውስጥ እጄን ይዘው አንድ ጊዜ ግንባራቸው ላይ፣ አንድ ጊዜ ደረታቸው ላይ ያደርጉታል። ወረቀት ያመጣች እጅ፣ ክፉ አይንካት፣ ብለው መረቁኝ። ከዚያ እንደ ቀላል ነገር እንዲህ አሉኝ፦

«እስከ ትናንት ልቤ እምቢ ብሎኝ ነበር፣ ልጄ። ሰው ያለቅሳል፣ እኔም አለቅሳለሁ፣ ልቤ ግን አለ ይለኛል። ትናንት ሌሊት ነው ተስፋዬ የተቆረጠው። ተነሥቼ ልብሱን ከሣጥን አወጣሁና ጠዋት ለሰው አከፋፈልኩት። ሸሚዙንም፣ ጫማውንም። አሁን ሲመጣ ምን ይለብሳል?» ብለው ሳቁ። ጋሽ ወርቁም ሳቁ።

እኔ በመስኮቱ ወደ ውጭ አየሁ።

ሲጨልም ኦቦ ቱፋ በእበት ጭስ ቀፎውን እንደ ታቦት አክብረው አወረዱት፤ ጋሽ ወርቁም ሽቦውን ቀጠሉ። ማታ ዝዋይ ላይ ሪፖርቱን ሲሞሉ የብልሽቱ ምክንያት በሚለው ቦታ «ወፍ ጎጆ ሠርታበት» ብለው ጻፉ። ያኔ የመንግሥት መስመር ያበላሸ ሰው አሻጥረኛ ሊባል ይችላል፤ ሽማግሌውን ማን ያወጣቸዋል? «ምስክር ፈርሚ» አሉኝ። ፈረምኩ።

በሳምንቱ ለንስሐ አባቴ በሐሰት መፈረሜን ተናዘዝኩ። አባ አዳመጡኝና ሽማግሌውን አስበሽ ነው፣ ስገጂ፣ ጸልዪ አሉኝ። ከዚያ «ሌላስ፣ ልጄ?» አሉ።

«ሌላ የለም» አልኳቸው።

የቡልቡላው ስልክ ሠራተኛ በኋላ እንደነገረኝ፣ መርዶውን ዘግይተው የሰሙ ሩቅ ዘመዶች ለሁለት ሳምንት ያህል እያለቀሱ መምጣታቸውን አላቋረጡም። የገመዳ እናት ጠዋት ጠዋት መንገድ ዳር ይቀመጡና፣ የሚጮኽ ሰው ከሩቅ ሲያዩ ሮጠው አፉን በእጃቸው ይይዙት ነበር። አለ፣ አለ፣ ግቡና ብሉ ይሏቸዋል። ገመዳ የመጣው በዓመቱ ነው። እኔ አላየሁትም፤ ወደ አዲስ አበባ ተዛውሬ፣ ከዚያም እያልኩ እያልኩ እዚህ ደረስኩ። ጋሽ ወርቁ አርፈዋል። እናትየዋም በሕይወት አይኖሩም።

ያን ዕለት ላፕቶፑና አሮጌው ስልክ በገመድ ከተያያዙ በኋላ ጥቂት አሰቡና ተግባቡ። አሥራ አንዱ እህቶቼ ጸሎቱን አጋምሰው ነበር። ስንጨርስ እንደ ልማዳችን ጨዋታ መጣ፤ አንዷ «ጽጌ፣ ያቺን የንቡን ታሪክ ለአዲሷ እህታችን ንገሪያት እንጂ» አለችኝ። ሁሉም ይወዱታል። ሲስቁ ኖረዋል፤ ሲያለቅሱም ኖረዋል፤ አንቺ ባትሄጂ ኖሮ ይሉኛል። እኔም ሁልጊዜ ስነግራቸው ከቀፎው፣ ወይም ቢበዛ ከዚያን ዕለት ጠዋት ነበር የምጀምረው። መስመሩ ተበላሽቶ አገኘሁት እላለሁ፤ ውሸት የለበትም።

ውኃ ጠጣሁ። ነጠላዬን አስተካከልኩ።

«የማርያም ዋዜማ ነበር» ብዬ ጀመርኩ።